አንቱ የማይለው ሰባኪ

ልጅ ሳለሁ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ታሪክ መጨረሻው ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። የሚነግሩን እትዬ ጽጌ ናቸው፤ ቀን ግሌንዴል አንዲት ነጭ አሮጊት ሲያስታምሙ ይውሉና፣ ማታ ማታ እናቶቻችን ከሥራ እስኪገቡ ድረስ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለው አፓርታማ እኛን የጎረቤት ልጆች ይጠብቁን ነበር። ያኔ ሰፈሩ ገና ሊትል ኢትዮጵያ አልተባለም፤ የኛ ሰው ሱቆች ቢቆጠሩ ከአንድ እጅ ጣት አያልፉም። የቤቱ ማሞቂያ ስለማይሠራ እትዬ ጽጌ የጋዝ ምድጃውን ይለኩሱታል፣ መብራቱን ያጠፋሉ፣ እኛም ፊታችንን ለሰማያዊው ነበልባል ሰጥተን፣ ጋዝ ጋዝ የሚለውን አየር እየማግን እንሰማለን።

አሮጊቷ ክዌከር የሚባል ሃይማኖት ተከታይ ነበረች። ከሩቅ አያቶቿ አንዱ፣ ኤኖስ የሚባል ሰባኪ፣ ቨርጂኒያ ገና ጫካ ሳለች በአንዲት ባዝራ ከጎጆ ጎጆ እየዞረ ያስተምር ነበር አሉ። ስሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ ወዲያው የኛ ሰው አደረግነው። ክዌከሮች ለማንም ባርኔጣ አያወልቁም። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛም እንደኛው አንተና አንቱ ነበረው፤ እነሱ ግን ጌታውንም ሎሌውንም አንተ ነው የሚሉት። ኤኖስ በስብከቱ ተከሶ ዳኛ ፊት ሲያቀርቡት ባርኔጣውን እንደደፋ «ፈጣሪዬን በጸሎት አንተ እያልኩ አንተን አንቱ ልበልህ?» አለው። ዳኛውም ክረምቱን ሙሉ አሰረው፤ ሚስቱ እሱ በሌለበት ስትወልድ ሞተች።

እዚህ ላይ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ኤኖስ ሲፈታ በቀጥታ ወደ ዳኛው ቤት ይሄዳል፤ እኛ መጥረቢያ ይዟል ብለን እንጠብቃለን። እሱ ግን እሳቱ ዳር ይቀመጥና ፍሙ አመድ እስኪለብስ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ «ልጠላህ ሞክሬ ነበር፤ አቃተኝ» ብሎት ይወጣል።

«አለቀ?» እላለሁ።

«አለቀ። ክዌከር አይበቀልማ!» ይላሉ እትዬ ጽጌ።

እኔ ግን አልጋዬ ላይ ስወጣ በሐሳቤ ቤቱን ከነዳኛው አቃጥለው ነበር።

ምክንያት ነበረኝ። እናቴ የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚለው ደጀኔ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። አባቴን ከምሳ ገበታ አስነስቶ የወሰደው እሱ ነው፤ አባቴ አልተመለሰም። ይህን የሰማሁት እናቴ ለእትዬ ጽጌ ስታንሾካሹክ ነው። ብዙ በር ስላንኳኳ ይሁን፣ ደጀኔ እናቴን አላወቃትም። እሷ ግን አውቃዋለች። ቢሆንም የቤት ኪራይ አለ፣ እኔ አለሁ፤ ስለዚህ በርበሬውን በላስቲክ እያሸገች «እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ» ትለዋለች። ያ «እንዳሉ» የሚለው ቃሏ አንጀቴን ይበላው ነበር።

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ደጀኔ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለኝ። የአባቴን ስም ከነአያቴ ነገርኩት። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«የወሰድከው አንተ ነህ» አልኩት።

ሱቁን ያስደነገጠው «አንተ» ማለቴ ነበር። አንዲት ሴትዮ «ምነው! ትልቅ ሰው አንተ ይባላል?» አለች። ማንን ወሰደ፣ የት ወሰደ ብሎ የጠየቀ የለም።

«ሶሪ በዪ!» ብሎ ጮኸብኝ። ዓይን ዓይኑን አየሁት። ወደ እናቴ ዞረ። «ወይ ልጅሽ ሶሪ ትላለች፣ ወይ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም። ኦኬ?»

እናቴ ላስቲኩን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ምን አጠፋች?» አለችው። «አንተ አይደለህ እንዴ?»

እትዬ ጽጌ ሲሰሙ አዘኑብኝ። «ኤኖስ እኮ የሚወደውንም አንተ ነው የሚለው፤ አንቺ ቃሉን ድንጋይ አድርገሽ ወረወርሽው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እናቴም ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ እስክትጀምር ድረስ ሁለት ወር ሙሉ ተቸግረናል።

ደጀኔን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ያን ቀን ፌርፋክስን ስንሻገር እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ በርበሬ የነካው ጣቷ መዳፌን እያቃጠለኝ፣ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብን፣ ትስቅ ነበር። አባቴ ከተወሰደ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ ይቅርታ የሚሰብኩኝ ሰዎች ያን ሳቅ አልሰሙትም።