በእትዬ ሃዋ ላይ የተናገርኩት

ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄጄ ስለ ጾም አውርቼ ተመልሻለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

እኔ በአንዲት ሴት ላይ ዋሸሁ። ከዚህ ልጀምር፤ ዙሪያውን ከዞርኩ እንደለመድኩት ሰበብ አገኛለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት አሶሳ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እየሠራሁ። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። እናቴ ፓዌ ነች፤ አባቴ አልጋ ላይ ስለዋለ እሱን ጥላ መምጣት አትችልም። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጁን ለማን እሰጣለሁ? ስበላም፣ ስተኛም፣ ሥራ ላይ ስቀመጥም ይኸው ነበር የማስበው። ሆዴ ሳይከብድ ልጨርስ ብዬ የሕፃናት ማቆያ ፍለጋ ጀመርኩ። አንዱ ጋ ዳዴ የማይል ልጅ አንቀበልም አሉኝ። ሌላው ጋ ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የሽንቱ ሽታ ከበር ይቀበላል። እየወጣሁ አለቀስኩ።

በመጨረሻ እትዬ ሃዋ ቤት ገባሁ። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ በቀርከሃ አጥር የተከበበ ግቢያቸው ውስጥ ነው ልጆች የሚይዙት። ፍራሾቹ ንጹሕ፣ እያንዳንዱ ጨቅላ የራሱ አጎበር ያለው። እያወራን አንድ ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። እጃቸውን ታጥበው አነሡትና ትከሻቸው ላይ አድርገው በቋንቋቸው እያንጎራጎሩ አባበሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ አረፈ።

"ለጨቅላ ቦታ አለ?" አልኳቸው።

"አንድ አለ። ግን ልጅ ሳይወለድ ቃል አልሰጥም። መጀመሪያ የመጣ ይገባል። አንተ ቶሎ ውለድ፣ ኢንሻአላህ" ብለው ሳቁ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላሉ።

መጀመሪያ የመጣ! እኔ ግን መጀመሪያ አልነበርኩም። ቢሮ ከጎኔ የምትቀመጠው ትዕግስትም ነፍሰ ጡር ናት፤ ከእኔ ቀድማ ነው የምትወልደው። ሰፈር ተከፋፍለን ነበር የምንፈልገው፤ አንዳችን ያገኘነውን ለሌላዋ ልንናገር ተስማምተን። የዚያን ቀን እግሯ አብጦ ስለነበር ፍለጋውን ትታ ቢሮ ዋለች። ስመለስ ቀና ብላ "እንዴት ነው?" አለችኝ።

ምን ነበር የምመልሰው? ያየሁትን ነበር። እኔ ግን "አይሆንም፤ ልጆቹ እንዲተኙላቸው ሽሮፕ ይሰጧቸዋል" አልኳት።

"ማን ነገረሽ?"

"በዓይኔ ነው ያየሁት።"

ማንም አላስገደደኝም። ቃሉ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ እንደነበር ወጣ። ትዕግስት ሆዷን ይዛ "እግዜር ነው ያተረፈን" አለች። እኔም አዎ አልኩ።

እሷ ብቻ እንዳትሄድ ነበር ሐሳቤ። ግን ትዕግስት ደግ ሰው ናት። ልጇን እዚያ የምታውል የሥራ ባልደረባ እያለችን እንዴት ዝም ትበል? ነገረቻት። ያቺ ለሌላዋ ነገረች። ለማንም እንዳትነግሪ ማለት እችል ነበር፤ ትጠረጥረኛለች ብዬ ተውኩት። እናቶቹ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን አወጡ። እውነት ነው ወይ ብሎ እትዬ ሃዋን የጠየቀ ግን አልነበረም፤ አንዷ ዘመድ መጣልኝ፣ ሌላዋ ቤት ቀየርኩ እያለች ወጣች። እኔ ሳልወልድ ቤቱ ባዶ ሆነ።

ይህን ያበሠረችኝ ትዕግስት ናት። "ስንት ልጅ አተረፍሽ" አለችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሻዬን ጠጣሁ።

ትዕግስት ወለደች፤ ልጇን የሚይዝላት ስላጣች ሥራዋን ለቀቀች። እኔ ስወልድ ግን የባሌ እኅት ልጄን ልትይዝልኝ ከባምባሲ መጣች። ለእኔ ተሳካልኝ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ልጄን ታቅፌ ገበያ ስገባ እትዬ ሃዋን አየኋቸው። ባሚያ ዘርግተው ይሸጣሉ። ዞሬ ልሄድ ስል ጠሩኝ። ልጄን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አስተኟት፤ ወዲያው ዓይኗን ከደነች። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤

"ልጅ ሁሉ ከእኔ ሄደ። አንድ ሰው ምክንያት አልነገረኝም። አንተ ቤቴን አይተሃል። ወላሂ ንገረኝ፤ ምን ክፉ አየህ?"

"አላውቅም" አልኳቸው። ልጄን ተቀብዬ ሄድኩ።

ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። እዚያ ገበያ ላይ ግን ነፍሰ ጡር አልነበርኩም። ብቻዬንም አልነበርኩም። ልጄ የምትውልበት አላጣችም። ታዲያ ያኔ ምን ፈራሁ? ስሜን ብቻ። የእሳቸውን ስም ቀብሬ የእኔን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ሴት በየገበያው ቀን እዚያው ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ አትክልቴን የምገዛው ከሌላ ቦታ ነው።