ኔትወርክ በጠፋ ቀን ያስቀረኋት ልጅ

የኔትወርክ መጥፋት አንድ ነገር ነው፤ መቼ እንደሚመለስ የሚነግር ሰው መጥፋቱ ግን ያንገበግበኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ከከፈትኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በኢንተርኔት ፎርም እሞላለሁ። ዛሬ የፓስፖርቱም፣ የፈተናውም፣ የሥራውም ምዝገባ ኦንላይን ሆኗል። ኦንላይን ያደረጉት ሰዎች ግን ኔትወርኩን እኛ ዘንድ ማድረሱን የረሱት ይመስለኛል።

ለአንድ ሰዓት ነው የሚጠፋው ቢሉኝ በሩን ገርበብ አድርጌ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ነው ቢሉኝ ዘግቼ ቤቴ እገባለሁ። ምንም ስለማይሉኝ ጋቢዬን ተከናንቤ የራውተሩን ቀይ መብራት ሳይ እውላለሁ። ስደውልላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ “እየተሠራ ነው፣ በትዕግሥት ይጠብቁ።” ትዕግሥት የቤት ኪራይ የሚከፍልልኝ ይመስል!

ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጠፋ። መንገድ የሚቆፍር ማሽን ኬብል በጥሶ ነው ተባለ። የመጣው ሁሉ ከበሩ ላይ “ኔትወርክ አለ?” ይላል፤ “የለም” ስል ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። አራት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቴን ጫማ ሻጩን፣ ገበያተኛ ስለነበረው ብቻ፣ በክፉ ዓይን ማየት ጀምሬ ነበር።

ያኔ ነው አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ከአንኮበር የመጣችው። አባትየው ቄስ ናቸው። ልጅቱ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጣለች። አሁን አንድ ሆስፒታል ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ የሚዘጋውም በዚያኑ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።

“እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?” ብዬ ተቆጣኋት፤ ምን አገባኝ?

የትምህርት ማስረጃዋን ለማውጣት ሳምንት ሙሉ እንደተመላለሰች ነገረችኝ። እዚያም “ሲስተም የለም” እያሉ ነበር የሚመልሷት።

ቄሱ ኔትወርኩ እስኪመጣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ ብለው ወጡ። ልጅቱ ጠጋ አለችና፣

“እትዬ፣ ሸኖ ኔትወርክ አለ ይላሉ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ ይላሉ?” አለችኝ።

“አላውቅም” ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱ እሱ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከሩቅ የመጣን ሰው “እኔ እንጃ” ብሎ መሸኘት ነውር ነው። ተስፋ ሰጥቶ ማስቀመጥ ለምዶብናል። በዚያ ላይ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሰው ሲመለስብኝ ስለዋለ አንዷን እንኳ ማስቀረት ፈልጌ ነበር።

“ምን አደከመሽ ልጄ፣ ቁጭ በይ። አሁን ይመጣል” አልኳት።

ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ጊዜ እንዳይባክን ብዬ ማስረጃዎቿን አንድ በአንድ ስካን አደረግኩላት፣ ፎቶዋን አስተካከልኩላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸኖ ሂጂ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ልክ መኪና ስትሳፈር ኔትወርኩ ቢመጣስ? ደግሞስ ያን ሁሉ ሰዓት አስቀምጬያት አሁን ሂጂ ማለት በምን አፌ? ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስካሁን እበሽቃለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ፤ ያን ያህል ፈጣን ሆኖ አያውቅም። ምዝገባው ተጠናቋል ይላል። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ወረቀቶቿን ሰብስባ ፌስታል ውስጥ ከተተች።

ተመልሰው ከጎኗ ተቀምጠው የዋሉት ቄስ ነገሩ ሲገባቸው፣

“ምነው ልጆቼ፣ ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ብትሞክሩት ኖሮ?” አሉ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ትናገራለች ብዬ ዓይኔን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩ።

“የትም አይሠራም ነበር አባባ” አለቻቸው።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ከልጃቸው ጋር ስለደከምኩ መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።