የወንድሜ ሙሾ በሚኒባስ ውስጥ

አንድ ቤት መቀመጥ አልችልም። ልጆቼ በየቦታው ናቸውና አንዷ ዘንድ ስሰነብት ሌላው ይናፍቀኛል፤ እግሬም ለምዶብኛል። የዚያን ቀን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ እየሄድኩ ነበር። ሾፌሩ ፍላሹን ሲሰካ ሙሾ መጣ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ኋላ ግን ሙሾ የምታወርደው ሴት የአባቴን ስም ጠራች፣ ቀጥላም የወንድሜን።

ድምፁ የአጎቴ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ወንድሜን ስንቀብር ሙሾ ያወረደችው እሷ ናት፤ በእኛ ሰፈር እሷ ሳትጠራ ሰው አይቀበርም። ሾፌሩ መሪውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል።

«ልጄ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«ፍኖተ ሰላም አስጭኜው ነው፣ እማማ። መንገዱን ያሳጥርልኛል።»

«የሚለቀስለት ወንድሜ ነው።»

ወዲያው አጠፋው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡሬ ስወርድ ጓዜን ተሸክሞ አወረደልኝ።

የአጎቴ ልጅ ከቡሬ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። ሄጄ ብነግራት ለካ እሷም ሰምታዋለች።

«እኔ የሰማሁት ጠላ ቤት ነው፣ እቴ። እየጠጡበት» አለችኝ። «እንግዲህ አፌን ዘግቻለሁ። ድሮ እንባ ይጠርግ የነበረው እጅ ሁሉ አሁን ስልክ ይዟል። ለስልክ አላለቅስም።»

የደነገጥኩት ይሄኔ ነው። እሷ ዝም ካለች የእኛ ሰው እንደ ባዳ ሊቀበር ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ የምትጭነው ደግሞ የገዛ ልጄ ናት። በገበያው ቀን የአጎቴን ልጅ ይዤ ሱቋ ሄድኩ።

ልጄ ብድግ ብላ የአክስቷን ጉልበት ሳመች። የመጣንበትን ስንነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንድ ሰው በስልኩ ይዞ መጥቶ ሰጠኝ እንጂ እኔ አልቀረጽኩዎትም፣ አክስቴ።»

«እሺ፣ ለሰው ጫኚ ብሎ ማን ፈቀደልሽ?»

«እውነቱን ልንገርዎት፤ ፊልሙንም ዘፈኑንም ከኢንተርኔት ሳወርድ ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም። ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቁጥጥር መጣ ሲባል እደብቃለሁ። ባለቤቶቹ ሩቅ ናቸው። ሙሾ ደግሞ ባለቤት ያለው አልመሰለኝም።»

«እነዚያስ መንገዱ ቢቀናቸው እንደ አክስትሽ አይመጡብሽም?» አልኳት እኔ።

«ይመጡብኛል፣ እማ። እኔስ ምን ልብላ?»

እሷ ዘንድ ስሰነብት የምበላውም ከዚያው ነው።

«የእርስዎን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለች ለአክስቷ። «በየሰው ስልክ የገባውን ግን ማጥፋት አልችልም።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ አሰሚኝ።»

ሙሾ ስታወርድ ያለችውን ኋላ አታስታውሰውም። ጠላ ቤቱም አጠገብ አልቆመችም፣ ሸሽታ ነው የሄደችው። አሁን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«የሚስቱን ወገን ሳልጠራ ቀርቻለሁ» አለች። ከዚያ፣ «አጥፊው።»

ልጄ አጠፋችው። ሌላውን ፊልምና ዘፈን አልነካችውም። ስንመለስ የአጎቴን ልጅ መንገድ ለመንገድ ለመንኳት፤ ስልክ የሚባል ነገር ፊቷ እንዳይወጣ ካደረግሁ ብቻ እንደምታለቅስ ነገረችኝ።

ስለዚህ አሁን ሐዘን ሲሆን፣ እሷ ከመጀመሯ በፊት እኔ ሰፌድ ይዤ በለቀስተኛው መሃል እዞራለሁ። ስልክ ሁሉ እዚያ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዳር የመጣች አንዲት የቢሮ ሠራተኛ አልሰጥም አለችኝ።

«ከሥራ ቦታ ይደውሉልኛል፣ እማማ።»

«ለሟቹም ይደውሉለት ነበር» አልኳት።

አየት አድርጋኝ አስቀመጠችው። የአጎቴ ልጅ ሙሾዋን አወረደች፣ የሟቹን ሚስት ወገንም አልዘለለችም። መሃል ላይ ሰፌዱ ውስጥ አንዱ ጮኸ። የማን እንደሆነ እንጃ፤ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።