ዐረፍ ብሏል

ድምፃቸውን ያወቅሁት ከፊታቸው በፊት ነው። እናቴ ከወሎ ወደ ኻርቱም ስትመጣ አንድ ካሴት ይዛ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ የታየ የሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኖች ያሉበት። ሙሽራዋን ሆነው የዘፈኑት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ከሰው ቤት ሥራ ውላ ከከተማው ዳር ማዮ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትመለስ ያንን ካሴት ትከፍታለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሙሽራዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ በምትይዝበት ቦታ፣ ክሩ ተበልቶ ስለነበር ድምፁ ለአንድ አፍታ ይንቀጠቀጣል። እኔ መንቀጥቀጡን የዘፈኑ አካል ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

በአካል ያየኋቸው ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ካሉ በኋላ፣ ሳጃና በሚባለው የኻርቱም ሰፈር ያሉ ሐበሾች የቴአትር ቡድን ሲያቋቁሙ ነው። ካሴቱ ውስጥ «እሷ» ነበሩ፤ ፊት ለፊት ሳያቸው ግን አንቱ ከማለት ሌላ አልመጣልኝም። ስልሳን አልፈዋል። አንገታቸው ላይ የእንቅርት ቀዶ ጥገና የተወው ቀጭን ጠባሳ አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ሻክሮ ቀርቷል፤ ይናገራሉ እንጂ መዝፈን አይችሉም። ወደ ቡድኑ የመጡት ለመተወን ነበር። የተሰጣቸውም የአንዲት ምላሰኛ አሮጊት አማት ክፍል ነው።

«ሕዝቡ ዝፈኚ ካለኝ አለቀልኝ» አሉን በልምምድ ላይ። «ሁለተኛ መድረክ አልወጣም።» ሲናገሩ ፈገግ አላሉም።

እኔ ታማሚው ልጃቸው ነበርኩ። ንግግር የለኝም፤ አንገሬብ በሚባለው በገመድ በተጠለፈ የሱዳን አልጋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ መተኛት ብቻ። ለዝምተኛ ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ሚስቴን የምትጫወተው ከሐበሻ እናትና ከሱዳናዊ አባት እዚያው የተወለደች ልጅ ነበረች፤ አማርኛዋ ከቤት ወጥቶ ብዙም አያውቅም። አማቷ ገብተው «ልጄ እንዴት ነው?» ሲሉ «ዐረፍ ብሏል» ማለት አለባት፤ ጋደም ብሏል ለማለት። በልምምድ አንድም ቀን ስታ አታውቅም።

ትርኢቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለሠርግ በሚከራይ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የዕረፍት ቀን ያገኙ ሴቶች ሞልተውታል፤ እናቴም ከፊት ተቀምጣለች። እሳቸው ገና ብቅ ሲሉ ቤቱ ተንጫጫ።

«ያላ፣ ዘፈኑን!» አለ አንድ ወንድ ከኋላ።

«የሙሽራዋን! የሙሽራዋን!»

«ኸላስ፣ በቃ፣ አሮጊቷን ተያትና ዝፈኚልን!»

ወገባቸውን ይዘው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። ያንን አረማመድ ኦምዱርማን ገበያ ቅመም ከምትሸጥ አንዲት ባልቴት ነበር የወሰዱት። ጩኸቱ እንዳለ «ልጄ እንዴት ነው?» አሉ።

ልጅቷ ተደናግጣለች። «ዐርፏል» አለች።

ጋደም ያለው ሰው በአንዲት ቃል ሞተ።

ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ያየሁት የለም፤ የሰማሁትንና የተሰማኝን ነው የምጽፈው። አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ተወው። የሚጎተተው እግር ቆመ። ከጣሪያው ማራገቢያ በቀር ድምፅ ጠፋ። ከዚያ እግሩ እንደገና ተጎተተ፣ አሁን ግን መድረስ እንደማይፈልግ ሰው። መዳፋቸው ግንባሬን ነካ፤ ትንፋሽ ፍለጋ ወደ አፍንጫዬ ወረደ። ጆሯቸውን ደረቴ ላይ ለጠፉ። ትንፋሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልክ እዚያ ካሴቱ ላይ ባለው ቦታ እንደሚንቀጠቀጠው። የሞትኩ መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ ለራሴ አዘንኩ።

«እንዳትስቅ» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት «ያ ረቢ፣ ልጄን!» ብላ ጮኸች። ሌሎችም ተቀበሏት። ለቅሶው ሊነሣ ምንም አልቀረው።

«ዝም በሉ! ይተነፍሳል!» አሉ እሳቸው ቀና ብለው። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ! ልጄን ሊገድለው የነበረው በሽታው አይደለም፤ ያንቺ አማርኛ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ማን ያልሳቀ አለ? እዚያ ከተቀመጠው ግማሹ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ አማርኛ የሚናገር ልጅ አለው። ልጅቷም ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልሳተችም። እኔ ግን የተጠለፈውን ገመድ በጣቶቼ ጨብጬ፣ ያለ ዘፈን ይህን ያህል ሰው ካስለቀሱና ካሳቁ ሴት አጠገብ መተኛቴን ማመን አቅቶኝ ነበር።

መጋረጃው ሲዘጋ ያ የኋላው ሰውዬ እንደገና መጮህ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። እሳቸው ጨርቁን ይዘው ቆሙ።

«ምን እያሉ ነው?» አሉኝ።

«አማቲቱ! አማቲቱ! ነው የሚሉት።»

«እስቲ ደህና አርገህ ስማ።»

ሰማሁ። ያው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ያንኑ እግር እየጎተቱ እጅ ሊነሡ ወጡ።

ወደ ማዮ በሚሄደው ሃፍላ በሚሉት ትንሽ አውቶቡስ ላይ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ሃፍላው በተንገጫገጨ ቁጥር መዳፏን ደረቴ ላይ ታደርጋለች። ያ «ልጄን!» ብሎ የጮኸው ድምፅ የእሷ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ዘፈኑን ባለመስማትሽ አልቆጨሽም?» አልኳት።

«የምን ዘፈን?» አለች።