ያልተለካው ዝናብ

መምህር ደምለው ወደ ደባርቅ ተመድቦ የመጣው ከዳባት ነው። የገበሬ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቶሎ የማይቆጣ ሰው። ሳይንስ ያስተምር ነበር። እኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበርሁና ቅዳሜ ቅዳሜ የክበቡን ልጆች ሰብስቦ ሲሠራ አየው ነበር። ከዘይት ጣሳ ነፋስ የሚያዞረው መዘውር ይሠራሉ፤ ከጭቃ ዋልያና ጭላዳ ያበጃሉ፤ ዱቄት በጥብጠው ወረቀት ያጣብቃሉ። እጁ ሳይቆሽሽ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ አይወድም ነበር።

ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የዝናብ መለኪያውን ነው። የሀይላንድ ጠርሙስ አንገት ቆርጠው፣ ገልብጠው አፉ ላይ ሰኩት፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጠፉበትና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አጥር አጥረው ተከሉት። ጠዋት ተረኛው ልጅ ያነባል፤ ከዚያም ትልቅ ወረቀት ላይ በቀኑ ቦታ ጠብታ ሥሎ፣ ሰማያዊ ቀብቶ፣ የሚሊ ሜትሩን ቁጥር ይጽፍበታል። ትምህርት ሲዘጋም አያቋርጡም።

“ያላያችሁትን አትጻፉ” ይላቸዋል ሁልጊዜ።

እየሩስ የምትባል ምላሰኛ ልጅ ነበረች። “ጋሼ፣ እግዚአብሔርንስ መቼ አየነው?” አለችው አንድ ቀን።

“እሱን የኔታን ጠይቂ። የኔ ጉዳይ ከጠርሙሱ ጋር ነው” ብሎ ሳቀ።

የእየሩስ ጓደኛ ሰብሌ የመምህሩ ልጅ ነበረች፤ ሌላ ልጅ አልነበረውም። መለኪያውን የሠራችው እሷ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ1995 ዓ.ም. ልቧን ታመመች። ጎንደር ድረስ ወሰዷት፤ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብለው መለሷቸው። ክረምቱን አልጋ ላይ ሆና የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ “ዛሬ ስንት ሆነ?” አባቷ ወይም እየሩስ አንብበው ይነግሯታል።

ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው። እናቷ ይመኙሻል ያችን ቀን ስትጠብቅ ሰነበተች። ሰማዩ ግን ጠርቶ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ልጇን ደግፋ እንደያዘች ዝናቡ ድንገት ወረደ፤ ዕቃ ወደ ደጅ ሳታወጣም አባራ።

ደምለው እየሮጠ ወደ እኔ መጣ።

“አባ ሀብተ ሚካኤል፣ የመለኪያውን አጥር ይክፈቱልኝ።”

“ምን ሆንህ መምህር?”

“ዝናቡ ያለው መለኪያው ውስጥ ብቻ ነው። እናቷ ‘የሩፋኤልን ውኃ ለጠርሙስህ ሰጥተህ እኔን ባዶ እጄን አስቀረኸኝ’ ትለኛለች።”

ከፈትሁለት። ጠርሙሱን ነቅሎ ጣሳ ውስጥ ገለበጠውና በመዳፉ ከድኖት ሄደ። እኔም ተከተልሁት። ይመኙሻል መልአኩን እየለመነች የልጅቱን ፊትና ደረት አጠበች። ሰብሌ ዓይኗን ገለጠች።

“ከየት የመጣ ነው?”

“ከመለኪያችን” አላት አባቷ።

“ስንት ሆነ?”

ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። አላነበበውም ነበር። ውኃው ደግሞ ትራሱ ላይ ፈስሷል።

“ስምንት” አላት።

“እኔ ስድስት ብዬ ነበር” አለች፤ ደስ አላት። “ሩፋኤል ዘንድሮ አልሰሰተም።”

እየሩስ አመሻሹ ላይ ልትጠይቃት ስትመጣ ሰብሌ ስምንቱን ነገረቻት። በማግሥቱ ሰብሌ አረፈች።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ደምለው ቅዳሜ አይመጣም ብለን ነበር። መጣ። ልጆቹ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቁት። የሩፋኤል ዕለት ቦታ ባዶ ነበር። እየሩስ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረች።

“ስምንት ነው ጋሼ። ሰብሌ ነግራኛለች።”

“አትጻፊ።”

“ለምን?”

የቀኑን ቦታ በመዳፉ ሸፈነው።

“ሰብሌ አትዋሽም” አለች ልጅቱ። ጓደኛዋን የነካባት መሰላት፤ እንባዋ መጣ።

ጻፊው ቢላት ኖሮ ማንም አይጠይቀውም ነበር። ቁጥሩም ለልጁ መታሰቢያ በሆነ። እሱ ግን ኮቱን አስተካክሎ ልጆቹ ፊት ቆመ።

“እሷ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሳላየው ገለበጥሁት፤ ስትጠይቀኝ ከራሴ አውጥቼ ነገርኋት።”

ቀና ያለ ልጅ አልነበረም። እየሩስ እንባዋን ጠርጋ “ጠብታውንስ ልሣል?” አለች። “መዝነቡን እኔም አይቻለሁ።”

“ሣዪው” አላት።

ሣለችው፤ ሰማያዊ ቀባችው፤ ቁጥር አልጻፈችበትም። ደምለው ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ። ልጆቹም እንዳላዩ ሆነው ጭቃቸውን ያቦኩ ጀመር።