ለቲቸር ዲግሪ ዋስ የሆንኩ ዕለት

እህቴ ጨጓራዬን መላጥ ከጀመረች አርባ አራት ዓመት ሆናት። ዕድሜዋም አርባ አራት ነው። ገና ማንበብ ሳትችል የቤቱን ጫማ በረድፍ ደርድራ ታስተምር ስለነበር «ቲቸር» አልናት፤ ሰፈሩም ተቀበለን፤ በኋላ እውነትም አስተማሪ ሆና ቁጭ አለች። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዲፕሎማዋ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። እኔ ታላቅ ወንድሟ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ከትምህርት ቤት የወጣሁትም እዚያው ስድስተኛ ክፍል ላይ፣ ፐርሰንት የሚሉት ነገር አልገባ ብሎኝ ነው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቷ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ዲግሪ የሌለው አስተማሪ ክፍል አይገባም፤ ደመወዙ ሳይነካ መጻሕፍት ክፍል ተቀምጦ መጽሐፍ ያወጣል፣ ያስገባል። መማር የፈለገ እያስተማረ ማታ ማታ አራት ዓመት ይማር፤ ክፍያውን ባንክ ያበድረዋል፤ ዋስ ያምጣ። ዋስ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ሰኞ ቅጹን ሱቄ ድረስ አምጥታ ከመፍቻዎቼ ጎን አስቀመጠችው። የመጨረሻው ቀን አርብ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ ዕዳ ምን ይሠራልሻል?» አልኳት። «መጻሕፍት ክፍል ቁጭ ብለሽ ያንኑ ደመወዝ ትበያለሽ። ጩኸት የለ፣ ጠመኔ የለ።»

«ጋሼ፣ መጽሐፍ እኮ አልገባኝም አይልም» አለችና ሄደች።

ምን ማለት ነው? ለዋስ እንዲህ ያለ መልስ ይሰጣል? ማክሰኞና ረቡዕ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ቅጹ ላይም የዘይት ጣሳ አስቀመጥኩበት።

ሐሙስ ከሰዓት ሠላሳ ሰባት ደብተር ታቅፋ መጣች። ጎረቤቷ ግድግዳ እያስፈረሰ አላስቀምጥ ስላላት እኔ ዘንድ ልታርም ነው። አንዱን ደብተር ገለጥ ሳደርግ ደሜ ፈላ። የቤት ሥራው እንዲህ ይላል፦ «አንዲት የአርባ አራት ዓመት መምህርት አራት ዓመት ተምራ ብትመረቅ ደመወዟ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ይጨምራል። ከጭማሪው ላይ ለግብርና ለጡረታ ከመቶ ሠላሳ ሁለት ይቆረጣል። ከተመረቀች በኋላ ዐሥር ዓመት በየወሩ ሁለት ሺህ የባንክ ዕዳ ትከፍላለች። ሥራ የምታቆመው በስድሳ ዓመቷ ነው። በጠቅላላው ምን ያህል ታተርፋለች?»

«የራስሽን ጉድ ነው ለልጆች የሰጠሽው? አሁን ሠላሳ ሰባት ቤት ገመናሽን ያውቃል ማለት ነው።»

«ስም አልጻፍኩም» አለች ቀና ሳትል።

ንዴቴን ልወጣ አንድ ካርቶን ቀደድኩና ራሴ አሰላሁት። ከመቶ ምናምን የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንደ ልማዴ ዘለልኩት። በወር አምስት መቶ ይተርፋታል፤ በዐሥር ዓመት ስድሳ ሺህ። ዕዳው ሲያልቅ ሁለት ዓመት ሙሉውን ትበላለች፤ እሱም ስድሳ ሺህ። አንድ ላይ መቶ ሃያ ሺህ። እኔ ሞኙ ለዚህ ነው አራት ቀን የተኮሳተርኩት? የዘይት ጣሳውን አነሳሁ፣ ቅጹን በጨርቅ ጠረግሁ፣ እስክሪብቶዋን ከእጇ ተቀበልኩ።

ዝም ብትል እኮ አልቆ ነበር። ማንም ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ አፉን ይዘጋል። እሷ ግን ካርቶኑን አየች፣ ቅጹን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«ጋሼ፣ ተሳስተሃል።»

«የቱ ጋ?»

«ከመቶውን አልቀነስክም። ከሠላሳ ሰባቱ ልጆች ሠላሳ አምስቱም የሳቱት እዚያው ጋ ነው።»

«ተዪው ባክሽ፣ ልፈርምልሽ ነው።»

«በተሳሳተ መልስማ አትፈርምም» ብላ ቅጹን ከእጄ ወሰደችው።

ከብሎን ሣጥኔ ሃያ አምስት ብሎን ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ይሄ ጭማሪዬ ነው። እያንዳንዱ ብሎን አንድ መቶ። ከእያንዳንዱ መቶ ሠላሳ ሁለት ይወስዱብኛል። ሃያ አምስት ጊዜ ሲወስዱ ስንት ብሎን ሄደ?»

የድሮው አስተማሪዬ ሰሌዳውን በዱላ እየደበደበ «ከመቶ፣ ከመቶ» ሲል ብቻ ነው የማስታውሰው። እሷ አልቸኮለችም። ጣቴን እየቆጠርኩ ስንተባተብ፣ ስሳሳት፣ እንደገና ስጀምር ጠበቀችኝ።

«ስምንት» አልኩ በመጨረሻ።

«ለምን ስምንት?»

ለምን እንደሆነ ነገርኳት። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ ነገርኳት። ስምንቱን ወደ ዳር ገፋሁ፤ ዐሥራ ሰባት ቀረ። ባንኩ የሚፈልገው ሃያ ነው።

«ሦስት ይጎድላል» አልኩ። «ከየት ታመጪዋለሽ?»

«ካሁኑ ደመወዜ። በየወሩ።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልረዳኝም። በዐሥር ዓመት ሠላሳ ስድስት ሺህ ከኪሷ ትከስራለች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አርባ ሺህ ስምንት መቶ ታገኛለች። ሲቀናነስ አራት ሺህ ስምንት መቶ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልፋት፣ ትርፉ ግማሽ የወር ደመወዝ። የፍሪጅ ሞተር እንኳ አይገዛም።

«አየሽ?» አልኳት። «አሁን በደንብ ገብቶኛል። ይሄን ነገር የሚፈርም እብድ ነው።»

«ትክክል» አለች። ፊቷ ሁሉ በርቷል፤ ዋስ ማጣቷን የረሳች ትመስላለች። ካርቶኔ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ልክ ነው የሚል ምልክት አደረገችልኝ። ወዲያው ግን ቅጹን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ብሎኖቹን እስከ ነገ አውሰኝ» አለች። «ሠላሳ አምስቱንም እንዲህ ነው የማስረዳቸው።»

አንጀቴን በላችው። መብላት ብቻም ሳይሆን አናደደችኝ። እንዳልፈርም አሳምራ ያስረዳችኝ እሷው ናት፤ እንዲህ የምታስረዳ ሴት ላይ መጻሕፍት ክፍል ቆልፌባት ደግሞ እኔ ምን እንቅልፍ ይወስደኛል?

«አምጪው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቅጹን ነዋ። ሦስቷን ብሎን በየወሩ ከኔ ትወስጃለሽ። አንድ ቃል እንዳትናገሪ።»

አልተናገረችም። ፈረምኩና ወረወርኩላት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ከዚያም መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

«ጋሼ፣ ቀኑን አልጻፍክም።»