የጋሽ ገብረ መስቀል ቡኒ ጫማ

አምባቸው ሰውን ሰላም የሚለው ከእግሩ ጀምሮ ነው። ዓይኑ መጀመሪያ ጫማህ ላይ ያርፋል፤ ሽቅብ ተጉዞ ፊትህ ላይ እስኪደርስ አንተ ሰላምታህን ጨርሰሃል። ሥራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እሱ ራሱ በረባሶ ይጎትታል፤ አልጋው ሥር ግን የድሮ ሰዎች የክት ጫማ ተደርድሯል፤ የዳኛ፣ የባንክ ጸሐፊ፣ የጣሊያን መሐንዲስ። አያደርጋቸውም። ይወለውላቸውና መልሶ በጨርቅ ይጠቀልላቸዋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጓድ አምባቸው፣ ላብ አደር ሆነህ ሳለ የመኳንንት ጫማ ታከማቻለህ ይባላል!» አለው።

«ልክ ነው ጓድ ሊቀመንበር። መኳንንቱን ባዶ እግራቸውን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም ሳቁን በሳል ሸፍኖ ወደ ሌላ ነገር አለፈ።

አምባቸው ግን እንቅልፍ የሚያጣበት አንድ ጫማ ነበር፤ ዓባይ ማዶ የሚኖሩት የጋሽ ገብረ መስቀል ቡኒ ጫማ። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ አርመን በልካቸው የሰፋላቸው ነው። ሶሉ በማስቲሽ አልተለጠፈም፣ ዙሪያውን በሰም ክር ተሰፍቷል። አፍንጫው ላይ እንደ ጤፍ የደቀቁ ቀዳዳዎች አሉት። ቆዳው በቀጭኑ ይሸበሸባል እንጂ አይሰነጠቅም። «ይሽጡልኝ» ብሎ ቢለምን ቢለምን እሺ አላሉትም።

ጋሽ ገብረ መስቀል ሞቱ። የሟች ልብስና ጫማ ደግሞ ለነፍሱ ተብሎ ለንስሐ አባቱ ነው የሚሰጥ፤ ለአባ መርስዔ ኀዘን። አምባቸው አልደነገጠም። ቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ አዲስ ጥቁር ጫማ ገዛና የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ውስጥ ከች አለ።

«አባ፣ አሮጌው ለኔ፣ አዲሱ ለእርስዎ።»

«ልጄ፣ አሮጌውን የማደርገው ለገብረ መስቀል ነፍስ ነው። ያንተን ለማን ነፍስ ላድርገው? አንተ አልሞትህ!»

ዳሱ ሳቀ። የሟቹ ባለቤት እትዬ እናትዓለም በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጫማ አምጥተው አባ ጭን ላይ አኖሩት። ጨርቁ ሲፈታ አምባቸው አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ፣ ይሄ የጋሼ ጫማ አይደለም።»

«ምን ትላለህ አንተ! እኔ ሚስቱ እያለሁ?»

«ቀለሙ ነው ያሳሳተዎት። አፍንጫውን ይዳብሱት፣ ልሙጥ ነው። ሶሉም የተለጠፈ ነው። ጋሼ መጨረሻ ያደረጉት መቼ ነው?»

«ጊዮርጊስ ያስቀደሰ ዕለት ነዋ። ከዚያ ወዲያ ከአልጋው መች ተነሣ!»

ነገሩ ወዲያው ገባው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ይወለቃል፤ የጋሼ ዓይን ደግሞ ደክሞ ነበር። የሰው አድርገው ተመልሰዋል። እንግዲህ የአርመኑ ጫማ እዚያ ካስቀደሰ ሰው እግር ላይ ነው። ማሳ ለማሳ ጭቃ እያስረገጠው ቢሆንስ? አምባቸው በተቀመጠው ሰው እግር ሁሉ ላይ ዓይኑን አንከባለለ። ሸራ፣ ኮንጎ፣ በረባሶ። ይሄን ጊዜ አባ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ ቡኒ የጫማ አፍንጫ ከሥሩ ብቅ አለ።

«አባ፣ ያደረጉት ጫማ አይጠብብዎትም?»

«እንዴት አወቅህ ልጄ? እግሬ አብጦ ስንት ጠበል አስረጨሁት! ምንም አልቀነሰልኝ።»

«እግርዎ አላበጠም። የጋሼን ጫማ ነው ያደረጉ። ጭንዎ ላይ ያለው የራስዎ ነው።»

አባ ቁልቁል አዩ፣ ጭናቸውን አዩ፣ ደግመው ቁልቁል አዩ። እትዬ እናትዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ተንሰቀሰቁ። ሴቶቹ ሊያላቅሷቸው ቢነሡ፣ ሳቅ ነው።

«ኤዲያ! ገብረ መስቀል በቁሙ ሰጥቶኝ ኖሯል» አሉ አባ ጫማውን እያወለቁ። «ተቀብያለሁ፣ ነፍሱን ይማር። ከተቀበልሁ በኋላ ብለውጠው ደግሞ ማን ይከለክለኛል?» አዲሱን ጥቁር ጫማ ወስደው ደጅ ለቆመ ነዳይ በሟቹ ስም ሰጡት። የራሳቸውን አጠለቁና እፎይ አሉ።

አምባቸው ቡኒውን ገልብጦ አየው፤ ፊቱ ጠቆረ። ሶሉ ላይ የመኪና ጎማ በምስማር ተመትቶበታል።

«ምነው? እንዲጠነክር ብዬ ነው» አሉ አባ።

ጥፍሩን ከጎማው ጠርዝ ሥር ሰዶ ቀስ ብሎ ገለጥ አደረገው። የሰም ክሩ እዚያው አለ፤ አንዲት ስፌት አልተበጠሰችም።

«እንዲያውም ከጭቃ ጠብቀውልኛል አባ!» አለና ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ምስማሩን የሚነቅልበት ጉጠት ሊዋስ የዓባይን ድልድይ ተሻገረ።